ገማቹ ስማቸው

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ካለው መሥሪያ ቤታችን ጓዳ አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን እንድናወጣ ታዘዝን። በሩን ስንከፍተው የካርቦን ወረቀት ሽታ ወጣ። ቅባትና ቀለም የተቀላቀለበት፣ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሽታ ነው። ዛሬ ደረሰኝ የሚቆረጠው በማሽን ስለሆነ አብረውኝ የነበሩት ወጣቶች ምን እንደሆነ አላወቁትም። እኔ አወቅሁት። ቡሬ ባደግሁበት ግቢ፣ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራው ክፍል በር ባለፍሁ ቁጥር የሚሸተኝ እሱ ነበር። የክፍሏ ተከራይ አቶ ስማቸው ነበሩ፤ የነጋዴውን ግብር የሚገምቱ የገቢዎች ሠራተኛ። ከተማው ግን “ገማቹ” ነበር የሚላቸው።

አቶ ስማቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ካኪ ኮታቸውና ጥቁር ጃንጥላቸው በጋም ክረምትም አይለዩአቸውም። ክፍላቸው ውስጥ የሽቦ አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የማርያም ሥዕል ነበረ። ሽሯቸውን ራሳቸው ሠርተው ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ሰው ቤት አይበሉም። ዝክር ቢጠሯቸው ጸሎቱ ላይ ቆመው፣ ጠላው ሲቀዳ ጃንጥላቸውን ያነሣሉ። እናቴ አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው።

“የበላሁበትን ቤት ነገ በምን ዓይኔ እገምተዋለሁ?” አሏት።

ሰው ይህን እንደ ኩራት ነበር የሚያየው። ሲመጡ ባለሱቆቹ ወሬ ያቆማሉ። ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ አንድ ጎረቤታችን “እናቱ ስማቸው ያለችው ሰዉን እንዲሰማ ነበር፤ እሱ የሚሰማው ግን ኪሳችንን ነው” ብሎ፣ ነገሩ በየአረቄ ቤቱ ተደጋገመ። አቶ ስማቸውም ሰምተውታል።

አንድ የግንቦት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ግቢያችን በር ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ በሽመላቸው መሬቱን እየነካኩ ነበር የሚራመዱት። አብሯቸው ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ እስከ በሩ መርቷቸው ተመለሰ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋርዷል።

“የገማቹ ቤት ይህ ነው?” አሉ።

“አዎ፣ አባቴ። እርስዎ ማን ልበል?” አለች እናቴ።

“ታፈረ እባላለሁ፤ ከፈረስ ቤት ከተማ ነው የመጣሁ። አባቱ ነኝ።”

እናቴ ደንግጣ አስገባቻቸው። አቶ ስማቸው በሕይወት ያለ አባት እንዳላቸው ነግረዋት አያውቁም። አያ ታፈረ ግን የልጃቸውን ክፍል ደጃፍ አልረገጡም። እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ ያቀረበችላቸውን በልተው ከመረቁ በኋላ ነገሩን ራሳቸው ነገሯት። በጃንሆይ ጊዜ ግብር ተጨመረ ተብሎ አገሩ እምቢ ሲል፣ እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ጠመንጃ ይዘው ዱር ገቡ። እሳቸው ተመለሱ፤ ወንድማቸው እዚያው ቀረ። ልጃቸው ተምሮ ግብር ገማች ሆነ ሲባል “የወንድሜን ደም ረገጠ” ብለው፣ ከቤቱ እህል ላይቀምሱ ማሉ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን ሌሎቹ ልጆቻቸው አልቀዋል፤ ዓይናቸውም ጨልሟል። የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም መጥተዋል የሚል ወሬ ሰምተው ነው የተነሡት።

አቶ ስማቸው ከሥራ ገብተው አባታቸውን መደቡ ላይ ሲያዩ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አላሸሹም፤ እጃቸውንም አላነሡም።

“ንገሪው፤ ሐኪም ቤት ድረስ ይምራኝ” አሉ ወደ እናቴ ዞረው። “ሌላ ነገር አልፈልግም በይው።”

“እሽ፣ ነገ እንሄዳለን በያቸው” አሉ አቶ ስማቸው።

ሁለቱም አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆነው በእናቴ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ አቶ ስማቸው የአባታቸውን ክንድ ይዘው ወሰዷቸው። ሲመለሱ ሽማግሌው አንደኛው ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ በላዩ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። እስኪሽርላቸው ድረስ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አቶ ስማቸው ጠዋትና ማታ ጠብታውን እያደረጉላቸው ይወጣሉ፤ ቃል አይለዋወጡም። እናቴ አላስችላት ብሎ አንድ ቀን አቶ ስማቸውን ደጅ ላይ አስቆመቻቸው።

“ለመሆኑ ይህን ሥራ ምን አስያዘዎ? አባትዎ እንዲህ እያዘኑ?”

“ገማቹ ክፉ ነበር ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁ፣ እትየ” አሏት። “ደኅና ገማች ቢኖርሳ አጎቴ ይሞት ነበር? እያልሁ ሳስብ ኖርሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

የግምት ሰሞን ነበር። አያ ታፈረ ፋሻው ከተነሣላቸው በኋላ ጧት ጧት ግቢው በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። ያዩትን ሁሉ እንደ አዲስ ይጠይቁን ጀመር፤ የባጃጁን ቀለም፣ የሴቶቹን ጃንጥላ። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ፣ ጨውና ሳሙና ከሚሸጡት ከጋሸ አበጀ ሱቅ ደጃፍ ጭቅጭቅ ተሰማ። ጋሸ አበጀ ባንኮኒውን እየደበደቡ ይናገራሉ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አልፎ አልፎ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ደግሞ ያዳምጣል። ባለቤታቸው ታማ ሱቁ ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ ጋሸ አበጀ ሲያነሡ ሰውየው እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ። ፀሐዩ በረታ፤ ሰውየው ግን አልተነሣም።

“ያ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?” አሉ አያ ታፈረ።

“ልጅዎ ናቸው” አለች እናቴ።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቁ። “ሸብቷል እኮ” አሉ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አቶ ስማቸው ጠብታውን ይዘው ሲመጡ፣ አባታቸው ቀጥታ ለእሳቸው ተናገሩ።

“በእኛ ጊዜ ገማቹ ከፈረሱ አይወርድም ነበር። ከማሳው ዳር ቆሞ በዓይኑ ለክቶ ይሄዳል። ሰው አይጠይቅም።”

አቶ ስማቸው የጠብታውን ክዳን ከፈቱ።

“ሥራህን አየሁት። እሚልክህን መንግሥት ግን አሁንም አላውቀውም።”

“እኔም አንዳንዴ አላውቀውም፣ አባየ” አሉ አቶ ስማቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ እናቴን የእጅ ውሃ ጠየቋት። መሶቡን ልታቀርብላቸው ስትል “እዚህ አይደለም፤ ከእሱ ቤት” አሏት። አባትና ልጅ ያን ማታ ምን እንደተጫወቱ አላውቅም። በግድግዳው በኩል ራዲዮው ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

አያ ታፈረ አገራቸው ከገቡ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። አቶ ስማቸው ወደ ሽንዲ ተዛወሩ፤ ዕቃቸው አንድ ጋሪ አልሞላም። የሸኛቸው እናቴ ብቻ ነበረች። ጋሸ አበጀ ከሱቃቸው ውስጥ ሆነው ሲያዩ ነበር፤ አልወጡም። ከዓመታት በኋላ አቶ ስማቸውም እዚያው ሽንዲ ማረፋቸውን ሰማን።

እኔ ሒሳብ አያያዝ ተምሬ ገቢዎች ስቀጠር፣ እናቴን ደስ አላላትም።

“እንደ ስማቸው ብቻሽን ልትበይ?” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሥራ አጥቼ ከርሜ ስለነበር ነው የገባሁት፤ አቶ ስማቸው ትዝ ያሉኝ በኋላ ነው።

በዚህ ዓመት የነጋዴዎች የቀን ገቢ ጥናት ሥራ ቡሬ ደረሰኝ። አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ገብቼ ከገቢዎች መምጣቴን ስናገር ባለቤቱ ፊቱን አኮሳተረ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። የእናቴን ስም ነገርሁት።

“ስማቸው ተከራይቶበት የነበረው ግቢ?”

“አዎ።”

“ከባድ ሰው ነበር። አባቴን ቁጭ ብሎ ካዳመጠው በኋላ፣ ግብር ደኅና አድርጎ ነው የጫነበት።”

ሰውየው ከባንኮኒው ኋላ አጎንብሶ የባሕር ዛፍ ዱካ መቀመጫ አወጣ፤ በእጅጌው ጠረገና ፊቴ አስቀመጠው።

“በይ ተቀመጭ” አለኝ። “ከየት እንጀምር?”