በእርጥብ ጭድ ላይ የተዘራው ገብስ

ባሌ ቪዲዮ ካየ አለቀ፤ ኤክስፐርት ነው። የመኪና ብሬክም ይሁን የገብስ አዘራር ለሱ አንድ ነው።

እዚህ ውጭ አገር፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የሰፈር ሰው ተከፋፍሎ የሚያለማው የእርሻ ቦታ አለ። ከዚያ ውስጥ አንዷ ቁራሽ የአማቴ፣ የእማዬ ናት። ከአርሲ ሲመጡ እንግሊዝኛ የላቸው፣ መኪና የላቸው፤ እኛ ጠዋት ወደ ሥራ ስንበር እሳቸው ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ይፋጠጡ ነበር። መሬቷን ካገኙ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ችግሩ ደንቡ ነው፤ ብርዱ ሳይገባ አረንጓዴ ያልለበሰ መሬት ለሌላ ሰው ይሰጣል። በዚያ ላይ እርጥብ አፈር መቆፈር ክልክል ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል ይላሉ። ሶ፣ የበጋውን ገብስ ካጨድን በኋላ ዝናቡ ስለጀመረ፣ ጭዱ እንደተነጠፈ፣ ሳንቆፍር በላዩ ላይ መዝራት ግድ ሆነብን።

ባሌ በእጅ የምትገፋ መዝሪያ ተውሶ መጣ። ከፊቷ ያለው ክብ ስለት መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ዘሩ ከኋላ ጠብ ይላል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። "ኖ ፕሮብሌም!" እያለ ጭዱ ላይ ነዳት። ጨረሰና ፎቶ ተነሣ።

ጠበቅን፣ ጠበቅን። ምንም! የጎረቤቶቻችን መሬት ለምልሟል፣ የኛው ግን ጭድ ብቻ። እማዬ ተንበርክከው በጣታቸው ፈለፈሉ። ጭዱ እርጥብ ስለነበር ስለቱ አልቆረጠውም፤ አጥፎ ወደ ስንጥቁ ከቶታል። ዘሩም አፈር ሳይነካ እዚያ ላይ ተኝቶ በስብሷል፣ ይሸታል።

"ይኸው ፎቶህ!" አሉት ልጃቸውን።

በማግስቱ የቤቱን መጥረጊያ ይዘው ወረዱ። ጭዱን በሙሉ ጠርገው መሬቱን እንደ ግቢ ሊያጸዱት!

"እማዬ፣ ይተዉ! ቦታው ቁልቁለት ነው፤ ራቁቱን ከቀረ ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል" አልኳቸው።

"በቆሻሻ ላይ ማን ይዘራል? ሰው ምን ይለኛል?"

እኔም ግትር ነኝ፣ መጥረጊያውን ያዝኩት። ወዲያና ወዲህ ስንጓተት፣ "መሬቷን ከወሰዱብኝ እንደገና እዚያ ቤት ብቻዬን ልቀመጥ ነው?" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። አንጀቴን በሉት። መጥረጊያውን ለቀቅኩ።

"እሺ፣ ዘሩ የሚገባበትን መስመር ብቻ እንጥረግ። ሌላው ጭድ በመሃል በመሃሉ ይቆይ" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። "ፀጉር እንደ መክፈል ነው በይኛ!"

ፀሐይ የወጣ ዕለት ሥራ ቦታ ኮል አድርጌ፣ አልመጣም ብዬ ቀረሁ። ላዩ ጠፈፍ እስኪል እስከ ከሰዓት ጠበቅን። እማዬ መስመሩን ጠረጉ፣ ባሌ አዲስ ዘር ሞልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መዝሪያዋን ገፋ፣ እኔ ስንጥቁን በእግሬ ቀስ እያልኩ ደፈንኩ። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እማዬ እንቅልፍ አጡ። እኔም ብሆን በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት መሬቷን አይቼ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ባዶ፣ ሌላም ቀን ባዶ፤ ከዚያ ጉድ በል፣ በጭዱ መሃል ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች!

የእርሻ ቦታው አስተባባሪ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና መሬቱ የእሳቸው እንደሆነ ይቀጥላል አለች። በአማርኛ ነገርኳቸው። እማዬ እዚያው እርጥብ ጭድ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ይኸው፣ ነገም የምሄድበት አለኝ" አሉ።

እኔም አለቀስኩ። ከዚያ፣ "ይነሱ እንጂ፣ ብርድ ይገባዎታል!" ብዬ ጮህኩባቸው።