በሶብላ ያልኩት ችግኝ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከማንም አልደብቅም። ጄኔቭ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ያለ ትኬት አውቶቡስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ተቆጣጣሪ ሲገባ ግን ትኬቴን ጨብጬም እጄ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለች ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ የሐሺሽ ዘር አበቀለች ቢባል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ግን አብቅያለሁ።

ዘሩን የሰጡኝ ሻትሌን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ማዳም ነው የምላቸው። በየበጋው በረንዳቸው ላይ ይህንኑ ተክል ያሳድጉና ለእንቅልፍ እያሉ በሻይ ያፈሉታል። በዚያ ዓመት ለዳሌ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ሆነ፤ “እስክመለስ አንቺ አብቅይልኝ” አሉኝ። ሕጋዊ ነው፣ የሚያሰክረው ነገር ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፣ ማንም አይጠይቅሽም ብለው ማሉልኝ። አሮጊት እንዴት እምቢ ይባላል? በዚያ ላይ ለዜግነት ሳመለክት ስለ ጠባዬ የመሰከሩልኝ እሳቸው ነበሩ። የማመልከቻዬ መልስ ገና አልመጣም ነበር።

ዘሩ አሥር ፍሬ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ የሚያህል፣ ዥንጉርጉር። አንድ ቀን በብርጭቆ ውኃ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በረጠበ የወረቀት ፎጣ ጠቅልዬ በሁለት ሳህን መካከል አደረግኩና ሞቅ የሚለው ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጥኩት። ይኼማ ብቅል ነው አልኩ፤ ስለ ብቅል ደግሞ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። ገብስ ተዘፍዝፎ በኮባ ቅጠል ሲጠቀለል ድንጋይ ይጫንበት የለ? እኔም ድንጋይ ባጣ የብረት ድስቴን ጫንኩበት። በሦስተኛው ቀን ስገልጠው ሰባቱ ነጭ ሥር ብቅ አድርገዋል፣ ሦስቱ ተጨፍልቀዋል። ማዳም በስልክ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ሰባቱን በእርጎ ኩባያ ተከልኳቸው። ታችውን በስቼ፣ አፈር ሞልቼ፣ ሥሩን ወደ ታች አድርጌ፣ ጥፍር በሚያህል ጥልቀት። የቀረው ዘሩ የመጣበት ከረጢት ነበር። ላዩ ላይ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ባለ ጣት ቅጠል ተስሎበታል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቤቴ ውስጥ አያድርም ብዬ ውስጡ ካለው ወረቀት ጋር በመቀስ ቆራረጥኩትና ጥቂቱን የቤቴ ቆሻሻ ውስጥ፣ ጥቂቱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ የቀረውን የማጸዳው ቢሮ ውስጥ ጣልኩት።

በማግስቱ ማዳም ደወሉ። “ከረጢቱንና ደረሰኙን በደንብ አስቀምጪ። የተፈቀደውና የተከለከለው በዓይን አይለይም፤ ፖሊስ ከጠየቀ የሚመሰክርልሽ እሱ ብቻ ነው” አሉኝ።

መዳኛዬን በገዛ መቀሴ ቆራርጬ በሦስት ቦታ በትኜዋለሁ። ለማዳም ግን “እሺ” አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ችግኞቹ ሁለት ሁለት ክብ ቅጠል አወጡ፤ ቀጥሎ ጠርዙ መጋዝ የመሰለ ሌላ ጥንድ። ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሲንጋደዱ ኩባያዎቹን ጠዋት ጠዋት አዞርኩ። ውኃ አበዛሁና አንዱ ከአፈሩ አፍ ላይ ቀጥኖ ወደቀ፤ ዕዳ የቀነሰልኝ ያህል ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የሕንፃው ጠባቂ ማሞቂያውን ሊያይ ሲያንኳኳ ስድስቱንም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደርድሬ መጋረጃውን ሳብኩባቸው። ሰውዬው መታጠቢያ ቤቱንም ላየው ቢለኝ ኖሮ እዚያው በወደቅኩ።

እንግዳዬ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ልጅ ናት። ቪንተርቱር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳትነት እየሠራች ትማራለች። ለልደት ወረቀቷ ጉዳይ እዚህ ጄኔቭ ግራንድ ሳኮኔ ወዳለው ቆንስላችን መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። የያዘችው ኤፍ የሚባለውን ጊዜያዊ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ በማንኛውም ቀን ሊነሳ የሚችል። ወደ ተሻለው እንዲቀየርላት አመልክታ፣ አለቃዋ የድጋፍ ደብዳቤ ልትጽፍላት ቃል ገብታ ነበር። ስለዚያ ደብዳቤ ማታውን ሁሉ አወራችኝ።

ጠዋት ወጥ ቤት ገባች። “እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?”

“በሶብላ” አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

“ውይ፣ በሶብላ! እዚህ ይበቅላል እንዴ? አንድ ይስጡኝ፤ እናቴ ጓሮ ነበረን እኮ።”

ዓይኔ እያየ ተያዝኩ። ለሰው የበሶብላ ችግኝ የሚከለክል ምን ዓይነት ስስታም ነው? እምቢ ብል ምክንያት ልስጥ ነው፤ ምክንያት ብሰጥ ደግሞ ምስጢሬ ቪንተርቱር ደርሶ ሀበሻ ሁሉ ሊሰማው ነው። ስለዚህ መረጥኩላት። የሚያምረውን አንስቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በገዛ እጄ ሰጠኋት። “ውኃ እንዳታበዢበት” ብዬም መከርኳት።

በየሁለት ቀኑ ፎቶ ትልክልኝ ጀመር። በአሥረኛው ቀን የመጣው ፎቶ ላይ አዲሱ ቅጠል ጣቶቹን ዘርግቷል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ከኋላው የተደረደሩ የሻይ ኩባያዎችና የሥራ ተራ ሰሌዳ ይታያሉ። “የእኔ ክፍል ፀሐይ የለውም፤ ሥራ ቦታ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አስቀመጥኩት። ምነው ሽታው የበሶብላ አልሆን አለኝ?” ይላል የድምፅ መልእክቷ።

በስልክ ልንገራት ብዬ ሦስት ጊዜ ቁጥሯን ነክቼ ተውኩት። ስልክ ይጠለፋል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ከሚገኝ ሱቅ አንድ ማሰሮ የፈረንጅ በሶብላ ገዛሁ፤ ሳትነቃ ልለውጥባት ነው። ውሻ የያዙ ሁለት ፖሊሶች ሲመጡብኝ በሶብላዬን ካፖርቴ ውስጥ ወሸቅኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ውሻው ዞሮም አላየኝ።

መምጣቴን ከባቡር ላይ ጽፌላት ስለነበር ቪንተርቱር ስደርስ ልጅቷ መጦሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

“አለቃዬ ጠዋት አየችው” አለችኝ። “ሐሺሽ ነው አለችኝ። ከየት አመጣሽው ስትለኝ ከገበያ ገዛሁት አልኳት።”

“ለምን? ከእኔ ነው አትያትም?”

“እርስዎ ለዜግነት አመልክተው የለ? ሳያውቁ ነው እንጂ እያወቁ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ የፈራሁት ግን በራሴ ላይ የሚደርሰውን እንጂ በእሷ ላይ የሚደርሰውን አልነበረም። ልመለስ ብል ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ አለ፤ እውነት ለመናገር ይህም ታየኝ። ከዚያ “አለቃሽ ጋ አስገቢኝ” አልኳት።

አለቃዋ ፈረንሳይኛ ትሰማለች። ተክሉ የእኔ እንደሆነ፣ በሶብላ ነው ብዬ ዋሽቼ እንደሰጠኋት፣ የተፈቀደው ዓይነት ነው እንደተባልኩ፣ ማስረጃውን ግን እንደቆራረጥኩት ነገርኳት። ጭኔ ላይ ያ የሱቅ በሶብላ ተቀምጧል። ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታዋ እንደሆነ፣ ተክሉም እንደሚመረመር ነግራኝ ወረቀት አቀረበችልኝ። ስሜን፣ አድራሻዬንና የመኖሪያ ፈቃዴን ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሩን ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። ደብዳቤውን ትጽፍላት እንደሆነ ስጠይቃት “አሁን አላውቅም” አለችኝ።

የምርመራው ውጤት የመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ማዳም አልዋሹኝም ነበር፤ የተፈቀደው ዓይነት ነው። ደብዳቤውም ተጻፈ፣ የእኔም ማመልከቻ ሳይነካ ቀረ። ያን ቀን ግን ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ልጅቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ።

“እትዬ፣ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ አልወስደውም ነበር” አለች። “ለማንም አልናገርም ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

“ፈርቼ ነው፣ ልጄ።”

“ማንን? ያን ዕለት እኮ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።”

“አንቺን” አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝ። በመንገዱ ወዲያ ማዶ የሚመጣውን ተመለከተችና “አውቶቡስዎ መጣ” አለችኝ።