የእርድ የዱር ዘመዶች አደራ

እርድ ሁሉ አንድ ነው የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። መርሳ ከተማ፣ ጓሮዬ ውስጥ የተከልኳቸው የእርድ የዱር ዘመዶች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። የአንዱ ቅጠል መሃል ለመሃል ወይን ጠጅ መስመር ወርዶበታል፤ የሌላው ጀርባ ሲዳስሱት እንደ ጥጃ ጆሮ ጠጉር አለው። ሥሩን ሲሰብሩት አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አንዱ ደግሞ ቪክስ ቪክስ የሚሸት። ከሩቅ አገር የሚመለሰውን ሁሉ እየለመንኩ በስንት ዓመት ያጠራቀምኳቸው ናቸው። ከጠፉ ከየትም አላገኛቸውም።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ መቀመጥ አቃተኝ። በር ላይ ወጥቼ የመኪና ድምፅ አዳምጣለሁ፣ ተመልሼ ቅጠል እዳስሳለሁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን እንውጣ ስትለኝ እኔ ስለ ሥር አወራለሁ። ጥላኝ ልትሄድ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ ቅጠላቸውን ቆርጬ ሥራቸውን ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ሚኒባሱ ጆንያ አልጭንም ሲል፣ ግራና ገበያ ቅመም ለሚሸጡ ጎረቤታችን ሰጠኋቸው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። “እንዳይበሰብስ፣ አደራ” ብቻ ብዬ ሮጥኩ።

ደሴም አላሳረፈን። በየሰው ቤት ወለል ላይ ስገላበጥ የማስበው ያንን ጆንያ ነበር። ሰው በሚያልቅበት ጊዜ ይህን ማሰቤ ያሳፍረኝ ነበር፤ ግን አልተውኩትም።

መንገዱ ሲከፈት የራሴን ቤት ሳላይ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ተገንጥሏል፣ ጎተራቸው ተራቁቷል። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ጆንያውን ከመደብ ሥር ጎትተው አወጡ። ሳነሳው ቀለለኝ፤ ውስጡም ተንኳኳ። እጄን ብከት ሁሉም እንደ ጠጠር ደርቋል። የቅመም ነጋዴ ወግ ነው፤ እርጥብ እርድ እንዳይበሰብስ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የተቀቀለ ሥር ደግሞ አይበቅልም። ደሜ ፈላ፤ ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ።

“አብሽር ልጄ፣ አማናህን አልበላሁም” አሉኝ። “ወደ ቆላ ስንሸሽ አህያይቱ ሁለት ጆንያ አልቻለችም። የኔን የማሽላ ዘር ትቼ ያንተን ጫንኩ። እዚያው ቀቅዬ አደረቅኩልህ። ግማሹ ቢጫ አልሆን ብሎ አስቸገረኝ እንጂ፤ እሱን ደግሜ ቀቀልኩት።”

የእሳቸው ማሽላ የለም፣ የእኔም ሥር የለም። ለዘር ነበር ማለት ከአፌ አልወጣም። አላህ ይስጥልኝ አልኳቸው።