ትንሿ ጀርሲና ቢጫው ወተቷ

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ላሞቹን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተካፈልን። እሱ ሦስቱን ትልልቅ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላሞች ነዳ፤ ለእኔ ትንሿን ቡናማ ጀርሲ ተወልኝ። ሚስቱ የሳሊተ ምሕረትን ሰፈር እየዞረች፣ «ፍየል ደረሳት» ብላ ሳቀችብኝ። ስሟን አልጠራም፤ ራሷን ታውቃለች።

ላሟን ግን አያውቋትም ነበር! ገለባ ሰጠኋት፣ ፉርሽካ ሰጠኋት፣ የጎመን ቅጠል ሰጠኋት፤ አንዱንም አልናቀችም። ክረምት ገብቶ የእነሱ ላሞች በዋልካው ጭቃ ሰኮናቸው ቆስሎ ሲያነክሱ፣ የኔዋ በዚያ ጥቁር፣ ጠንካራ ሰኮናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስትወልድም ሰው አላስጠራችም፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ጥጃዋን እየላሰች አገኘኋት።

ልጆቼ የሚበሉት ከስምንት የወተት ደንበኞች በማገኘው ነበር። የጀርሲ ወተት ቢጫ ይላል፤ ተፈጥሮዋ ነው። ያ የባለቤቴ ወንድም ግን በየደጃፉ እየሄደ፣ «ላሟን የወፍ በሽታ ይዟታል፤ ለልጅ እንዳትሰጡ» አለ። በመስከረም ስድስቱ ደንበኞች ቀሩብኝ።

አላለቀስኩም። ሰፈሩ ቃሏን የሚያምንላትን የባለሱቁን ሚስት፣ የወሎዋን ሴት ለመንኳት። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ ከእሱ ቤት የተገዛውንና የኔን ወተት እኩል ለክታ አፈላች። ሲበርድ የኔው ላይ የተኛውን ስልባቦት በማንኪያ አነሳችው፤ አልተቀደደም።

«ወላሂ፣ ይሄማ ጋቢ ነው!»

እሱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ቅቤ ጨምራበት ነው» አለ።

እኛ ዘንድ ላም በሰው ፊት አትታለብም፤ ዓይን ይፈራል። እናቴ ዕቃውን ሳትሸፍን ከበረት ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን የበረቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ይምጡ! እዚህ አጠገቤ ይቁሙ!»

ቁጭ ብዬ አለብኩ። ወተቱ ከግቷ እየተንቆረቆረ፣ ቢጫ እንደሆነ፣ ሁሉም እያዩ ባልዲው ውስጥ አረፋ ደፈቀ። አንድ ጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት።

«ይቅመሱ።»

«ጾም ነው» አለ።

«ማክሰኞ ነው እኮ ጋሼ!» አለች ወሎዬዋ። «የእናንተን ጾም እኔ ላስታውስዎት?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጣሳውን መሬት አስቀምጦ ወጣ። ሴቶቹ ወተት መቅጃ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ሲሮጡ በጠባቧ መንገድ እየገፉት አለፉ፤ አንዷም ይቅርታ አላለችውም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት።