የጄኔራሉ አስተርጓሚ

አጎቴ ጉልበቱን ሊታከም ከጨፋ ከሚሴ መጥቶ እኔ ቤት ሁለት ሳምንት ሲቆይ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ የሚታይ የወታደሮች ድራማ አብረን ሱስ ሆነብን። ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ተከታታይ ነው። አጎቴ የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ የመኮንኖች አማርኛ ግን ይፈጥንበታል። ስለዚህ አንዱ በተናገረ ቁጥር በክርኑ ነካ እያደረገኝ «ማል ጄዴ?» ይለኛል፤ ምን አለ ማለቱ ነው። ኦሮምኛ የምትችለው ሚስቴ በዚያ ሰሞን ከሥራ አምሽታ ስለምትገባ፣ በኦሮምኛ የምነግረው እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ጄኔራል አንድ የተራራ ምሽግ አለቅም ብሏል። እንደ ልጁ ያሳደገው ኮሎኔል ደግሞ ምሽጉ ጦሩን እየጨረሰው ስለሆነ ለቅቀነው ወደ ከተማው እንሰብሰብ ባይ ነው። አጎቴ ከጄኔራሉ ጋር ወገነ። እኔ የኮሎኔሉ ሰው ሆንኩ። እኔንም ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ ማሳውን አከራይቶ ከተማ እኔ ዘንድ እንዲኖር መለመን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ጉልበት ማሽላ መኮትኮት ምን የሚሉት እልህ ነው?

አንድ ቀን ሸይጣን ገፋፋኝ። ጄኔራሉ ጠረጴዛ እየደበደበ «ከዚህ የሚያስወጣኝ የለም» ሲል፣ እኔ «ደክሞኛል፣ ልጆቹ ያሉት ይሁን» ብዬ ተረጎምኩ። ታዲያ ጠረጴዛውን ለምን ይመታል ቢለኝ፣ እርጅናው አናዶት ነው አልኩት። በማግስቱም ጨመርኩበት። እውነቱን ለመናገር በብልጠቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ድራማው ገና ሳያልቅ፣ አጎቴ «እንዲህ ያለ ጀግና እንኳ እጁን ከሰጠ እኔ ማን ነኝ? ማሳውን አከራየዋለሁ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ስመኘው የኖርኩት ቃል ነበር፤ ስሰማው ግን አፈርኩ። ቁጭ ባልኩበት ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

አልተቆጣም። ቴሌቪዥኑ ላይ ጄኔራሉ ኮሎኔሉን አስጠርቶታል፤ ምሽጉ እንዲለቀቅ ከጀርባው ዞሮ ለበላዮቹ እንደጻፈ ደርሶበታል።

«አሁንስ ምን እያለው ነው? እውነተኛውን ንገረኝ» አለ አጎቴ።

«ፊት ለፊት ብትሞግተኝ፣ ምናልባት እሺ እልህ ነበር ነው የሚለው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ማየቱን ቀጠለ። በማግስቱ በሚኒባስ ጨፋ ገባ፤ ማሽላውን እስካሁን ራሱ ይኮተኩታል። ለሐኪም ሲመጣ ዛሬም እኔ ቤት ያርፋል፣ ይመርቀኛል፣ ድራማም አብረን እናያለን። የሚያስተረጉመው ግን ሚስቴን ነው።