ሱሉልታ ላይ የተጫወትነው ፍጻሜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኮሌጁ ደውሎ፣ «አባዬ፣ ለወንዶች የገና ጨዋታ ብሔራዊ ሻምፒዮና ተመረጥኩ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ ማለት ሲገባኝ ቆይቼ እደውልልሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እኔም በእሱ ዕድሜ፣ ሰበታ ኮሌጅ ስማር፣ በኮሌጆች የገና ውድድር ተሰልፌያለሁ። በዚያ ዓመት የተጫወትነው ሱሉልታ ነበር፤ በጥር፣ ሣሩ ላይ አመዳይ በሚያድርበት ወቅት። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ካለች ወተት ቤት ትኩስ ወተት በዳቦ እንወስዳለን። ያንን የመሰለ ወተት ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ወይም የወጣትነት አፍ ሁሉን ያጣፍጣል።

የዶርም ጓደኛዬ ጉዲና የመናገሻ ገበሬ ልጅ ነው። የቡድናችን ተስፋ እሱ ነበር። ዱላውን ይዞ ጎንበስ ሲል ተመልካቹ ገና ምንም ሳያይ ብድግ ይላል።

ግማሽ ፍጻሜውን ልናሸንፍ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ተጋጣሚ የለጋት ጥንግ ከመሬት ነጥራ የጉዲናን ግራ ዓይን መታችው። አልጮኸም። ተንበርክኮ፣ «ጥንጓ የት ገባች?» ብሎ ጠየቀኝ። እጁን ከፊቱ ላይ ሲያነሣ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

የእንጦጦን ቁልቁለት ይዤው ወርጄ አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገባሁት። ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት አባቱ ኦቦ ቶሎሳ በቡራዩ በኩል መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጃቸውን አይተው ወጡና አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ፍጻሜው ዛሬ ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ኦቦ። እኔ ግን ብቻዎን ትቼዎት አልሄድም።»

«ልጄ ሂድ በለው ብሎኛል። እኔ ደስ ብሎኝ አይደለም የምነግርህ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ዴሚ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ሂድ። ቀርተህ ብታለቅስለት ይብስበታል።»

ሄድኩ። ነገሩ ተወርቶ ስለነበር ከሁለቱም ቡድን ዱላውን ከጉልበቱ በላይ የሚያነሣ ጠፋ። ጥንጓ ወደ እኔ በመጣች ቁጥር ዓይኔ ይጨፈናል። ተመልካቹ ተኝታችኋል እያለ ሰደበን። ተሸነፍን። ዋንጫውን የወሰዱትም ሳይጨፍሩ አውቶቡሳቸው ውስጥ ገቡ። ሆስፒታል ተመልሼ ውጤቱን ስነግረው ጉዲና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በደንብ ተጫወታችሁ ግን?»

«በደንብ» አልኩት።

ጉዲና ዛሬ ቡራዩ አስተማሪ ነው። ትናንት ስለ ልጄ ላማክረው ሄድኩ።

«ይጫወት እንጂ» አለኝ ወዲያው። ሊሸኘኝ ሲነሣ ግን፣ «የኔ ልጅ ቢሆን ግን እንጃ» አለ።

እስከ ታክሲው ሸኘኝ። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል የምሆነው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ልጅን ሂድ ማለት እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ያኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አልተረዳሁትም ነበር። ቤቴ ስደርስ ለልጄ ደወልኩና እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ድምፄ የደስተኛ ሰው ድምፅ እንዳልነበረ የገባው ይመስለኛል፤ ምን ሆነሃል ብሎ ግን አልጠየቀኝም።