ያልተቀመሰ ጠላ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከጓሳ ወርጄ ዘመሮ ገበያ ዋልኩና፣ ጉሮሮዬን ላርጥብ ብዬ ጠላ ቤቶቹን በየሰፈሩ ማዳረስ ጀመርኩ። ያን ቀን የተናደድኩትን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል!

ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ጠላ የምትቀዳ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀድማ ትቀምሳለች። እንግዳው መርዝ ይኖርበታል ብሎ ሳይሰጋ እንዲጠጣ ነው። የላይ ሰፈሯ ግን ሳትቀምስ ዋንጫውን አስቀምጣልኝ ዞር አለች። ንዴቴን ከጠላው ጋር ዋጥኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለችውም እንደዚያው ስታደርግ ጥዬላት ወጣሁ።

ገበያው ዳር ያለው ጠላ ቤት ጠጪ አልነበረበትም። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እሳቸውም ሳይቀምሱ ሰጡኝ!

«እትዬ፣ እኔ ውሻ ነኝ? ለምንድን ነው የማይቀምሱልኝ?» ብዬ ጮህኩ።

እግሬን አዩ። የጣሊያን ወታደር ጫማ ነው ያደረግሁት።

«ጫማውን የሰጡህን ጌቶችህን ጠይቃቸው» አሉኝ።

ባንዳ መባሌ እኮ ነው! ንዴቴ ጥንቃቄዬን አስረሳኝ።

«ማንም አልሰጠኝም! ባለቤቱን ጓሳ ላይ ገድዬ ነው የወሰድኩት!»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጫማው ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዋንጫውን ከእጄ ነጥቀው ደጅ ደፉት።

«ያ የባንዳ ነው» አሉ።

ጓዳ ገብተው ከሌላ ጋን ቀዱልኝ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና አቀበሉኝ። ገና ወደ አፌ ሳስጠጋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ላይ ሰፈር አልጠጣህም አይደል?» አሉኝ።